አየሩ ለአንዱ ሞተር ብቻ አይሳሳም፦ የድሮን ጥገና ማስታወሻ፣ ከጥር እስከ መጋቢት 2017

ጥር 24 ቀን፣ ቅዳሜ

ላለፉት ሁለት ወራት ከሥራ መልስ ማታ ማታ በምድር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስበይደውና ስገጣጥመው የከረምሁት ባለ አምስት ኢንች ፕሮፔለር ድሮን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባትሪ ጋር ተገናኘ። ክብደቱ ባትሪውን ጨምሮ 640 ግራም ነው። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን የመዝናኛ ድሮን በፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ ስላለበት፣ አምስት ዶላር ከፍዬ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ቁጥር አውጥቼ በላይኛው የካርቦን ሳህን ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በራዲዮ የሚያሰራጨውን የርቀት መለያ መሣሪያም ገጥሜለታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያጋጥመኝን ብልሽት ሁሉ፣ የጠረጠርሁትንና የነካሁትንም ጭምር፣ በየቀኑ እጽፋለሁ። በቃሌ ብይዘው ከሳምንት በኋላ የትኛውን እንደ ለወጥሁ እንደማላስታውስ አውቃለሁና።

ባትሪውን በቀጥታ አልሰካሁም። ከቀዩ ሽቦ ጋር የ12 ቮልት የመኪና አምፖል በተከታታይ አስገብቼ ነው ያገናኘሁት። በብየዳው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ በርቶ ይቀራል፤ ጅረቱንም እርሱ ስለሚገድበው በረራውን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ ከመቃጠል ይተርፋል። ሾርት ከሌለ ግን ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የእኔው ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ እኔም እፎይ አልሁ።

ሞተሮቹ እንዲነሡ የሚያዝዘውን ማብሪያ ስገፋ ግን ድሮኑ አልታዘዘም። መጀመሪያ የጠረጠርሁት የራዲዮ መቀበያውን ነበር፤ ነገር ግን በኮምፒውተሩ ላይ የሰሌዳው ሶፍትዌር በሆነው በቤታፍላይት ስመለከተው የሪሞቱ ዘንጎች በእጄ ልክ ይንቀሳቀሳሉ። ወደ ትእዛዝ መጻፊያው ገጽ ገብቼ የሁኔታ መግለጫውን ስጠይቀው ሞተሮቹን የከለከለበትን ምክንያት ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል፤ ጋዙ ዝቅ አላለም ይላል። ዘንጉን እስከ ታች ብስበውም የሚታየው ቁጥር 1090 ነው። ሰሌዳው ደግሞ ጋዙ ተዘግቷል ብሎ የሚቀበለው ከ1050 በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ምክንያቱ በሪሞቱ ውስጥ ተገኘ፦ ለድሮኑ የተጠቀምሁበትን የሪሞት ቅንብር የቀዳሁት ከዚህ በፊት ከማበረው የፎም አውሮፕላን ሲሆን፣ በዚያ ላይ የዘንጎቹን መጠን ወደ 80 በመቶ ዝቅ አድርጌው ነበር። ወደ 100 ስመልሰው ቁጥሩ 988 ሆነ፤ ሞተሮቹም ተነሡ። ድሮን አልነሣም ሲል ከመፍታትና ከመበየድ በፊት ምክንያቱን ከራሱ መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ ጀማሪ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተሰካ ለማስነሣት መሞከርም ከዚሁ ይመደባል፤ ሰሌዳው ሆን ብሎ ይከለክላል፤ መከልከሉም ለጣታችን ሲል ነው።

ከሰዓት በኋላ በጓሮው ሣር ላይ ፕሮፔለሮቹን አስሬ ጋዝ ብሰጠው ገና ከመሬት ሳይላቀቅ ወደ ፊትና ወደ ግራ ተገለበጠ። ድሮን ሲነሣ የሚገለበጠው በአብዛኛው ከአራት በአንዱ ምክንያት ነው፦ ሞተሮቹ በሰሌዳው ዘንድ ያላቸው ቁጥር ተዛንፏል፣ አንዱ ሞተር ወደ ተቃራኒው ይዞራል፣ ፕሮፔለሩ ተገልብጦ ታስሯል፣ ወይም ሰሌዳው የተገጠመበት አቅጣጫ ለሶፍትዌሩ ከተነገረው ይለያል። በቤታፍላይት አንደኛው ሞተር የኋላ ቀኙ፣ ሁለተኛው የፊት ቀኙ፣ ሦስተኛው የኋላ ግራው፣ አራተኛው የፊት ግራው ነው። ፕሮፔለሮቹን በሙሉ አውልቄ፣ ከጋዜጣ የቀደድሁትን ቀጭን ወረቀት ወደ እያንዳንዱ ሞተር ጠጋ እያደረግሁ የትኛው በየት በኩል እንደሚዞር ፈተሽሁ። የፊት ግራው ይዞር የነበረው መዞር በማይገባው በኩል ነው። ሽቦ ፈትቶ መበየድ አላስፈለገም፤ አቅጣጫው ከሶፍትዌሩ ይለወጣል። ፕሮፔለር ሳይወልቅ ይህን ፍተሻ ማካሄድ ግን በፍጹም አይገባም።

የካቲት 1 ቀን፣ ቅዳሜ

ዛሬ በረረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ የአየር ክልሉን በስልኬ አረጋግጬ፣ ከልጄ ጋር ሆነን አስነሣነው። ጣቴን ከዘንጉ ላይ ሳነሣ ግን ሳላዝዘው ዘወትር ወደ ግራ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ራሱን አግድም በሚይዝበት ሁነታ የሚበር ድሮን፣ ቦታውን በሳተላይት ካልጠበቀ በስተቀር፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበት ይሄዳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። አፍንጫውን ወደ የትም ብናዞረው ዘወትር ወደ ራሱ ግራ የሚሄድ ከሆነ ግን ነፋሱ ሳይሆን የራሱ ሚዛን ነው የተዛባው። የእኔው አፍንጫውን ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ባዞረው ወደ ራሱ ግራ ነበር የሚያዘነብለው። ልጄ «አባዬ፣ ጠረጴዛው ነው እኮ የተንጋደደው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሚዛኑን ያስያዝሁት በምድር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቤት ገብተን ውሃ ልክ ብናስቀምጥበት አረፋው ከመስመሩ ወጥቶ ቆመ። ከእግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን አስገብተን ካስተካከልነው በኋላ ሚዛኑን ዳግም አስያዝሁት።

ሌላ የታዘብሁት ነገር አለ። አራት ደቂቃ በርሮ ሲያርፍ የሞተሮቹን ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካሁ፦ የፊት ግራው 31፣ የፊት ቀኙ 30፣ የኋላ ግራው 32፣ የኋላ ቀኙ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ይህ ያለንበት ስፍራ ከባሕር ጠለል 1,650 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ፕሮፔለር ያንኑ ክብደት ለመሸከም በስስ አየር ውስጥ ስምንት በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ፈጥኖ የሚዞር ሞተርም ይሞቃል። ባትሪውም ትንሽ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ሙቀቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ስለ ስስ አየር ስጽፍ ያደግሁባት ደብረ ብርሃን ትዝ ትለኛለች። እርሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ይኸው ድሮን እዚያ ቢበር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ይዘህልኝ ና ብሎኛል፤ ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ ፈቃድ ሳይኖር በሻንጣ ይዞ ቦሌ መድረስ እንደማይገባ ነግሬዋለሁ።

የካቲት 8 ቀን፣ ቅዳሜ

የውጪው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ ነበር። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረውን ባትሪ ሰክቼ ባስነሣው፣ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የቮልቴጅ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አንዱ ሴል ከጭነት በታች ወደ 3.3 ቮልት ወርዷል። አሳርፌ ብለካው ግን 3.8 ሆኖ አገኘሁት።

ባትሪው አላለቀም፣ አልተበላሸምም። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፣ ውስጣዊ መቋቋሙም ይጨምራል፤ ስለዚህ ብዙ ጅረት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ያሽቆለቁላል፣ ጭነቱ ሲነሣለት ደግሞ ይመለሳል። ሁለተኛውን ባትሪ ከካፖርቴ ሥር በደረቴ ኪስ አቆይቼው ስለነበር አምስት ደቂቃ በሚገባ በረረ። ወደ ላይ ሳልርቅ ዝቅ ብዬ መብረሬም ጠቅሞኛል፤ በብርድ ቀን ቮልቴጁ እንዴት እንደሚወርድ ሳይታይ ከፍ ማለት ተገቢ አይደለም። የቀሩትን ባትሪዎች ማታውኑ በሴል ወደ 3.8 ቮልት አወረድኋቸው፤ ሙሉ እንደ ሆኑ ለቀናት ማስቀመጥ ያሳብጣቸዋል።

ሙቀት ለካሁ፤ የኋላ ቀኙ አሁንም ከሦስቱ ይበልጣል፤ ግን ቀኑ ብርድ ስለነበረ 40 ላይ ቆሟል።

የካቲት 15 ቀን፣ ቅዳሜ

ወደቀ። ቀኑ ለየካቲት የማይጠበቅ ሞቃት ነበር፤ 15 ዲግሪ ደርሷል። በአራተኛው ደቂቃ ላይ 12 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ሲዞር ሳለ፣ ድንገት ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ተንከባለለና እንደ ድንጋይ ወረደ። ደረቅ ሣር ላይ በመውደቁ የተሰበረው አንድ ፕሮፔለርና የመቀበያው አንቴና ብቻ ነው። የወደቀበት ስፍራ ሰው አልነበረበትም፤ ከሁሉ በፊት ያመሰገንሁት ስለዚያ ነው።

ማታውን ሙሉ ያሰብሁት ምን እንደ ሆነ ነው። የራዲዮው ግንኙነት ተቋርጦ ይሆን? አልነበረም፤ የግንኙነቱ ጥራት እስከ መጨረሻው 100 ይል እንደ ነበር በሪሞቱ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ግንኙነት ቢቋረጥ ደግሞ አራቱም ሞተሮች አብረው ይቆማሉ እንጂ ድሮኑ ወደ አንድ ጥግ አይንከባለልም። ወደ ኋላና ወደ ቀኝ መውደቁ የኋላ ቀኙ ሞተር መድከሙን ይናገራል። አንድ ሞተር በአየር ላይ ከሚቆምባቸው ምክንያቶች የታወቀው፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ የሞተሩን ማግኔቶች አቀማመጥ ስቶ ምቱ ከሞተሩ ዑደት ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚሆነው፣ ባለሙያዎቹ ዲሲንክ የሚሉት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን የመዞር መጠን ከ5.5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረግሁ፤ በኢኤስሲው ውስጥ ዲሲንክን ለመከላከል ያለውን፣ የዲማግ ማካካሻ የሚባለውን ቅንብር ወደ ከፍተኛው አመጣሁ፤ በባትሪው መግቢያ ላይም የ1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድሁ። ሦስቱንም በአንድ ማታ።

የካቲት 16 ቀን፣ እሑድ

ብርዱ ተመልሷል። ሁለት ባትሪ አበረርሁ፤ ለጥንቃቄ ሁለቱንም በሦስት ሦስት ደቂቃ አሳረፍሁ። ምንም አልሆነም። ችግሩ ተፈትቷል ብዬ ጽፌያለሁ።

የካቲት 22 ቀን፣ ቅዳሜ

አልተፈታም። ፀሐይ ነበረች፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ በዚያው ጥግ ወደቀ። በዚህ ጊዜ አንዱ የካርቦን ክንድ ተሰንጥቋል።

ቤት ስገባ በሰሌዳው ማኅደር ላይ የተቀመጠውን የበረራ መዝገብ ከፈትሁ። ይህን ከሳምንት በፊት ላደርገው ይገባ ነበር። መዝገቡ ሰሌዳው ለእያንዳንዱ ሞተር የሰጠውን ትእዛዝና ሞተሩ በእውነት የዞረበትን ፍጥነት ጎን ለጎን ያሳያል። በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ሦስቱ ሞተሮች እንደ ተለመደው ይዞራሉ። ለአንደኛው፣ ማለትም ለኋላ ቀኙ፣ የተሰጠው ትእዛዝ ግን ቀጥ ብሎ ወደ 100 በመቶ ሲወጣ፣ የዚያው ሞተር ፍጥነት ቁልቁል ይወርዳል። ሰሌዳው «ዙር፣ ዙር» እያለ ሲያዝዘው ሞተሩ እየደከመ ቆመ ማለት ነው። እንግዲህ ሰሌዳውም፣ የድሮኑን መዞር የሚለካው ጋይሮም፣ የሶፍትዌሩ ቅንብርም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ከሰሌዳው በኋላ ባለው መንገድ ላይ፣ ይኸውም በኢኤስሲው፣ በሦስቱ ሽቦዎች ወይም በሞተሩ ውስጥ ነው።

እስከዚህ ደርሼ ቆምሁ። በፒያሳ ራዲዮና ቴፕ በመጠገን ብዙ ዓመት የሠሩ፣ አሁን እዚሁ እኛ ባለንባት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አባት አሉ፤ ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ድሮን አብርረው አያውቁም፤ ብልሽት መፈለግ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተውበታል። ደውዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«የሚሞቅ ነገር የለውም ልጄ?» አሉኝ።

«አለው ጋሼ፤ የኋላ ቀኙ ሞተር ይሞቃል። እርሱ እንኳ እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው።»

«አየሩ ለእርሱ ብቻ ነው የሚሳሳው? ሦስቱስ የሚበሩት በየትኛው አየር ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። የካቲት 1 ቀን የጻፍሁትን ገልጬ አነበብሁት፦ 31፣ 30፣ 32፣ 58። ስስ አየር አራቱንም እኩል ያሞቃል፤ ባትሪው ወደ ኋላ ቢያጋድል እንኳ ሁለቱን የኋላ ሞተሮች አብሮ ያሞቃቸው ነበር እንጂ አንዱን ለይቶ ሃያ ስድስት ዲግሪ አያስበልጥም። ለአራቱም የሚሆን ምክንያት አንዱ ለምን እንደ ተለየ አያስረዳም። መልሱ ከሦስት ሳምንት በፊት በገዛ እጄ ተጽፎ ሳለ፣ እኔ ግን ስለ ከፍታ የማውቀውን እውነት ያለቦታው አስገብቼ ዘጋሁት። ብርዳማው እሑድ ለምን እንዳታለለኝም ገባኝ፦ ቀኑ ቀዝቃዛ፣ በረራውም አጭር ስለነበረ ሞተሩ ከሚያስቆመው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ነው ያሳረፍሁት። ካፓሲተሩም ሆነ የለወጥኋቸው ቁጥሮች አላዳኑትም።

የካቲት 23 ቀን፣ እሑድ

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ድረስ መጡ። ባለቤቴ ቡና እስክታፈላ ድሮኑን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠን መመርመር ጀመርን።

የመጀመሪያ ጥርጣሬያቸው ኩሽኔታው ነበር። ሞተሩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው ቀስ ብለው አዞሩት፤ የሚንኳኳም የሚፋቅም ድምፅ የለም፤ ዘንጉም አልተጣመመም። ከዚያ ሦስቱን ሽቦዎች ከኢኤስሲው ነቀልኋቸው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ሽቦዎቹ እንደ ተበየዱ ሞተሩን ማዞር ስለ ሞተሩ ብቻውን አይነግረንም። ሽቦዎቹ ነጻ የሆኑለት ጤነኛ ሞተር በጣት ሲዞር ማግኔቶቹ በየመቀመጫቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ ያልፋሉ፤ ከዚያ ውጪ ቀላል ነው። ለማነጻጸር የፊት ግራውንም ሽቦዎች ነቅለን ሁለቱን እያፈራረቅን አዞርን። የኋላ ቀኙም ቢሆን ቀዝቅዞ ሳለ ከፊት ግራው አይለይም ነበር።

ቴስተር አመጣሁ። ከሦስቱ ሽቦዎች ማንኛቸውንም ሁለት ብንነካ ይጮኻል፤ ይህ ግን ምንም አይነግረንም፤ ሦስቱም በሞተሩ ውስጥ የተገናኙ ናቸው፣ የመዳቡ መቋቋምም በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቅልሎች ሾርት ቢያደርጉ ተራ ቴስተር ልዩነቱን አያሳይም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከሽቦዎቹ አንዱ ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኛል ወይ? አንዱን የቴስተር ጫፍ በሽቦው፣ ሌላውን ሞተሩን ከክንዱ ጋር በያዘው ብሎን ራስ ላይ አደረግን። ዝም አለ።

«አሙቀው» አሉ ጋሼ።

የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ሞቅ ያለ አየር ለቀቅሁበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልተሰማም። ከዚያ ቴስተሩ አንድ ጊዜ ጢክ አለ፤ ቆይቶ ደገመ፤ በመጨረሻም ሳያቋርጥ ጮኸ። ጋሼ ሞተሩን በጣታቸው አዞሩትና ለእኔ ሰጡኝ፤ ቅድም ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞር የነበረው አሁን በማር ውስጥ እንደሚሄድ ነገር ይጎትታል። እርስ በርስ የተነካኩ ጥቅልሎች ማግኔቱ ሲያልፍባቸው የራሳቸውን ጅረት ስለሚያመነጩ እንደ ፍሬን ይይዙታል። በበረራ ላይ ሞተሩን ያሞቀው ይህ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ መነካካቱን ያብሳል።

አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታኋቸው። ሦስቱን በነጭ ወረቀት ላይ ደረደርሁ፤ አራተኛውን ከጎናቸው ሳስቀምጥ በዓይን ይታያል፦ ይረዝማል። ስንለካው ሦስቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ እርሱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ክንዱ 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ስለዚህ ሦስቱ ወደ ሞተሩ 3 ሚሊ ሜትር ገብተው በመቀመጫው ብረት ውስጥ ያልቃሉ፤ አራተኛው ግን 5 ሚሊ ሜትር ገብቶ ከመቀመጫው በላይ ብቅ ይልና መዳቡ ላይ ያርፋል። በአጉሊ መነጽር ሳየው የብሎኑ ጫፍ ጥቁር ሽፋን በአንድ ወገን ተፍቆ፣ በክሮቹ መካከል የመዳብ ብናኝ ተጣብቆበታል። በሞተሩ ውስጥም ሁለት ጥቅልሎች ጎን ለጎን ቫርኒሳቸው ተልጦ፣ አዲስ ሳንቲም መስለው ያብረቀርቃሉ። የተላጠው ቦታ የጥፍር ቁራጭ እንኳ አያክልም። ሁለት ጊዜ ከሰማይ የጣለው እርሱ ነው።

ረጅሙ ብሎን ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። ሁለት ዓይነት ብሎኖች በአንድ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ገልብጬ፣ ማታ ሥራ ሲደክመኝ በጣቴ እየለቀምሁ ነው ያሰርኋቸው።

የካቲት 29 ቀን፣ ቅዳሜ

አዲስ ሞተርና አዲስ ክንድ ተገጠሙ። በዚህ ጊዜ አሥራ ስድስቱንም ብሎኖች አንድ በአንድ ለካሁ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሞተር ካሰርሁ በኋላ ሽቦውን ከኢኤስሲው ጋር ከመበየዴ በፊት በሽቦውና በብሎኑ መካከል በቴስተር ፈተሽሁ። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የሞተር ሽቦ ወይም የባትሪ ሽቦ ከክንዱ ጋር የሚነካካበትን ቦታ ሁሉ በናስትሮ ጠቀለልሁ።

ጋሼ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውኝ ነበር፦ በፍርሃት የለወጥሃቸውን ወደ ነበሩበት መልስ፤ አለዚያ ለሚመጣው ብልሽት የተሳሳተ መነሻ ይሆኑብሃል። ዝቅተኛውን የመዞር መጠን ወደ 5.5 መልሼ አንድ ባትሪ አበረርሁ፤ የዲማግ ማካካሻውን መልሼ ሌላ ባትሪ አበረርሁ። ካፓሲተሩን ግን ተውሁት፤ ከሞተሮቹ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ስለሚውጥ ለጋይሮውም ለቪዲዮውም ይጠቅማል።

ከስድስት ደቂቃ በረራ በኋላ የተለካ ሙቀት፦ 33፣ 34፣ 33፣ 35።

መጋቢት 6 ቀን፣ ቅዳሜ

ዛሬ የፈተሽሁት ግንኙነት ሲቋረጥ የሚሆነውን ነው። ቤታፍላይት ምንም ካልተነገረው፣ ራዲዮው ከተቋረጠ ሞተሮቹን አጥፍቶ ይጥለዋል። ይህ ጭካኔ ቢመስልም ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ሰው ላይ ከሚሄድ ድሮን የወደቀው ይሻላል። ጂፒኤስ ስለ ገጠምሁ ግን ወደ ተነሣበት ስፍራ እንዲመለስ አዘጋጀሁት። ሪሞቱን አላጠፋሁም፤ መመለሱን ለአንድ ማብሪያ ሰጥቼ፣ መቶ ሜትር ያህል አርቄ፣ በማንኛውም ቅጽበት ልነጥቀው ጣቴን አዘጋጅቼ ሞከርሁት።

አፍንጫውን አዙሮ በልበ ሙሉነት ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ወዲያው ነጠቅሁት።

ሳተላይቶቹ 14 ስለነበሩ ቦታውን አልሳተም፤ የሳተው ወዴት እንደሚያይ ነው። ኮምፓሱ በጂፒኤሱ ሳጥን ውስጥ ያለ ሲሆን፣ እኔ የገጠምሁት ከባትሪው ሽቦ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በሽቦው የሚያልፈው ብዙ ጅረት የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ጋዝ በተሰጠ ቁጥርም ሰሜን ይዛወራል። ይህን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል፦ ፕሮፔለሮቹን አውልቄ ሞተሮቹን ቀስ በቀስ ሳፈጥናቸው፣ ድሮኑ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ በማያ ገጹ ላይ ያለው አቅጣጫ ሃያ ዲግሪ ያህል ዞረ። ሳጥኑን ከጭራው በላይ በዘንግ ማራቅ አንድ መፍትሔ ነው። እኔ ለጊዜው ኮምፓሱን አጥፍቼዋለሁ፤ ድሮኑ ወደ ፊት ሲበር ከጂፒኤሱ ብቻ ወዴት እንደሚሄድ ያሰላልና። ከሰዓት በኋላ ሲሞከር ተመለሰ፤ ከተነሣበት አራት እርምጃ ያህል ርቆ አረፈ።

ሌላም ነገር አለ። ሳተላይቶቹ ከስምንት በታች ሳሉ እንዲነሣ ቢፈቀድለት እንኳ የሚመለስበትን ስፍራ አይመዘግብም። ከርሞ ሲበራ ሳተላይቶቹን ለማግኘት ደቂቃዎች ስለሚወስድበት፣ ባትሪውን ከሰካሁ በኋላ ሣር ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን እጠብቃለሁ። ልጄ ይህን መጠበቅ አይወድደውም፤ ግን ቆጥሮ የሚነግረኝ እርሱ ነው።

መጋቢት 13 ቀን፣ ቅዳሜ

ቪዲዮው ላይ ምስሉ እንደ ውሃ ይርገበገብ ነበር። ብዙ ማጣሪያ ከመነካካቴ በፊት ፕሮፔለሮቹን በጥፍሬ ዳሰስኋቸው፤ በአንዱ ጠርዝ ላይ ጠጠር የጎረደው ስንጥቅ አለ። በአዲስ ቀየርሁት፣ ዳዶውን አጠበቅሁት፤ መርገብገቡ ጠፋ።

ጋሼ ዛሬ አብረውን ሜዳ ወጡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ከፀሐይ ለመከለል ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ድሮኑ ከራሳቸው ራቅ ብሎ ሲዞር ተከታተሉት። ባረፈ ጊዜ ቴርሞሜትሩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ለኩት፤ ልጄ በዚሁ ደብተር ላይ በእርሳስ ጻፈው፦ የፊት ግራ 36፣ የፊት ቀኝ 36፣ የኋላ ግራ 37፣ የኋላ ቀኝ 37።